ስም የሌላቸው አዝራሮች

ኮምፒውተሩ ዝም ያለው ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች እንዳለፉ ነው። ቃል ጸሐፊዋ ባሏን ወደ ሥራ ሸኝታ በሩን ዘጋች፤ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ማስነሻውን ተጫነች። ማራገቢያው ተሽከረከረ። በየቀኑ ቀጥሎ የምትሰማው ድምፅ፣ «የይለፍ ቃል ያስገቡ» የሚለው፣ ሳይመጣ ቀረ። እስከ ሠላሳ ቆጠረች። እስከ ስልሳ ቆጠረች። ባይሰማትም የይለፍ ቃሏን በልምድ ጻፈች። አሁንም ከማራገቢያው በቀር ኮሽ የሚል ነገር የለም።

ይህች ሴት የዓይኗን ብርሃን ያጣችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሥራዋ፣ ፍርድ ቤት በድምፅ የሚቀዳውን የምስክርና የባለጉዳይ ቃል እቤቷ ሆና እየሰማች ቃል በቃል መጻፍ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታበታለች። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ በድምፅ የሚነግራት ፕሮግራም አለ፤ ሌሎች ስክሪን ሪደር ይሉታል፣ እሷ «አንባቢው» ነው የምትለው። አንባቢው ከሌለ ኮምፒውተሩ ለሷ ማራገቢያ የተገጠመለት ሣጥን ነው።

ቀኑ ደግሞ ዝም የሚባልበት ቀን አልነበረም። ልጆቻቸው «እናታችን ዓይናቸው ደክሟል፣ አእምሯቸውም እየተከተለ ነው፣ ሞግዚት ይሾምላቸው፣ ከቤታቸውም ወጥተው እኛ ጋ ይኑሩ» ብለው ያመለከቱባቸው የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሴት ጉዳይ እጇ ላይ ነበር። ቃላቸው የተቀዳው ባለፈው ሳምንት ሲሆን፣ ጉዳዩ የሚሰማው በዚሁ ቀን ከሰዓት በስምንት ነው። ሁለት ሦስተኛውን ጽፋ ጨርሳለች። የቀራት ሃያ ሁለት ደቂቃ ቅጂ ነው፤ ያ ደግሞ ለሷ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፣ አንባቢው ካለ።

አንባቢውን የሚያስነሱትን ቁልፎች ተጫነች። ምንም። ደግማ፣ ደጋግማ ተጫነች። ምንም። ኮምፒውተሩ ራሱ ይዞት የሚመጣ፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ሌላ አንባቢ አለ፤ እሱንም ጠራችው። እሱም የውሃ ሽታ ሆነ። የድምፅ ማጉያውን ሽቦ ነቅላ ጫፉን በጣቷ ስትነካው ማጉያው እምምም አለ። ሕይወት አለው ማለት ነው፤ ጥፋቱ ከሱ አይደለም። ሽቦውን መለሰችና ለባሏ ደወለች። ባሏ የሠራተኞች ሰርቪስ ሹፌር ነው።

«ኮምፒውተሬን ነክተኸዋል?»

«ትናንት እህትሽ ጋ ሄደሽ ሳለ… አዲስ እትም መጥቷል፣ ላድስ ወይ የሚል ነገር ተከፍቶ አየሁ። እሺ አልኩት። ሲጨርስ አጠፋሁት። ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ላግዝሽ ብለህ።»

«ምነው፣ ተበላሸ?»

«ዲዳ ሆነ።»

«አሁን ሠራተኞች እያወረድኩ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ አየዋለሁ።»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምኑን ልታይልኝ? ቀብሩን?» ብላ ዘጋችው።

ተነሳች። ከመስኮቱ እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ሄደች። እጇ ሥራ ፈትቶ ጠረጴዛውን ይደበድባል። ስልኳ ይናገራል፣ በካሜራውም ጽሑፍ ያነባል፤ ስለዚህ ስክሪኑ ፊት ደቀነችውና ምን እንደሚያይ ጠየቀችው። ስልኩ ጥቂት አሰበና «ሰማያዊ። ምናልባት ሰማይ» አላት። ራቅ አደረገችው፣ ቀረብ አደረገችው፣ አዘነበለችው። «ሰማይ» አለ በድጋሚ፣ እርግጠኛ ሆኖ።

«ሰማዩ ይደፋብህ» አለችውና ሶፋው ላይ ወረወረችው።

ሶፋው ላይ እንዳረፈ ጠራ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ነበረች። ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ግን መታገሥ አትችልም፣ ትቸኩላለች። ቃል ጸሐፊዋ የሆነውን ሳትደብቅ ነገረቻት።

«እንግዲያው ለጎበዙ ልስጠዋ» አለች ኃላፊዋ። «እሱ አሁን ሥራ የለውም።»

ጎበዙ የሚሉት ሌላውን ጸሐፊ ነው። ጣቱ እንደ በረዶ ይወርዳል፤ ነገር ግን ሰው ሲንተባተብ ያቃናለታል፣ ዝም ሲል ይዘለዋል፣ «እኔ እንጃ» ያለውን «አላውቅም» ብሎ ይጽፈዋል። ቃል ጸሐፊዋ ይህን ለኃላፊዋ ሦስት ጊዜ ነግራታለች። ሦስት ጊዜም «አንቺ ደግሞ ሙያ ታበዣለሽ» ተብላለች።

«እስከ ስድስት ሰዓት ታገሺኝ።»

«እስከ ስድስት። ከዚያ በኋላ እንዳትቀየሚኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናው ጀመረ። ትርርርር፣ ትርርርር። ቃል ጸሐፊዋ ባለችበት ቆመች።

ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት ልብስ ሰፊ፣ ሕንጻው ሁሉ ጋሽ መቀስ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። ከሦስት ወር በፊት፣ አንድ ምስክር በሹክሹክታ የተናገረውን ለመስማት ስትታገል የመኪናው ጩኸት ቢያስመርራት፣ በራቸውን አንኳኩታ «ይሄን መትረየስ ያስታግሱልኝ» ብላቸው ነበር። እሳቸውም «አንቺ ጆሮሽን አስታግሺ» ብለው በሩን ዘጉባት። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ የሚለዋወጡት ሳል ብቻ ነው።

ከሕንጻው ሰው በዚህ ሰዓት እቤቱ ያለው ሌላ ማን ነው? ማንም። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ወጣች፣ በግድግዳው ተመርታ በራቸው ጋ ደረሰችና አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጎረቤትዎ።»

«መትረየሱ ዛሬ ገና ሁለት ረድፍ ነው የተኮሰው!»

«ለሱ አይደለም ጋሼ። ዓይን እንዲያውሱኝ ነው የመጣሁት።»

መኪናው ቆመ። መቀስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማች። በሩ ተከፈተ፤ የጋለ ካውያና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ወጣ።

«አንድ ቃል ይቅርታ ብትዪ ምን ነበር?» አሉ ሽማግሌው።

«ይቅርታ ጋሼ።»

«በቃ። ይሄን ለማለት ሦስት ወር! በይ ምሪኝ፣ ምኑን ልይልሽ?»

ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ አካሉ ሁሉ ተንቋቋ። እሷ ከጎናቸው ቆማ እጇን ቁልፎቹ ላይ አደረገች።

«ምን ይታይዎታል?»

«ሁሉ ነገሩ ሰማያዊ ነው። መሐሉ ላይ ነጭ ሣጥን አለ። በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል፣ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ አላነብም።»

«ፊደሎቹንስ አንድ በአንድ ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

«የማውቃቸው የልብስ ቁጥሮቹን ነው። ኤስ ትንሽ፣ ኤም መካከለኛ፣ ኤል ትልቅ፣ ኤክስ ኤል ደግሞ እንደኔ ቦርጭ ላወጣ።»

«የሚያውቁትን በስሙ፣ የማያውቁትን በመልኩ ይንገሩኝ። እኔ ዓይኔ ሳይጠፋ የእንግሊዝኛውንም ፊደል ቆጥሬ ነበር። ታች በኩል ቁልፍ የሚመስል፣ በቀለም የተከበበ ነገር አለ?»

«አለ። አራት ፊደል ነው። የመጀመሪያዋ እንደ ዚግዛግ ስፌት ናት፤ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ደግሞ ትወጣለች።»

«ኤን ናት። እሺ?»

«ሁለተኛዋ ክብ ናት፤ ወገቧን በክር አስረዋታል፣ ከታች አፏን ከፍታለች። ሦስተኛዋ የኔዋ ኤክስ። አራተኛዋ መስቀል ሆና እግሯ ቆልመም ያለ።»

ጣቷ አየር ላይ እየጻፈ ነበር። «ኔክስት!» አለች። «ቀጥል ማለት ነው። እሱን ነው ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ!» አስገቢውን ቁልፍ መታችው። ሌላ ሣጥን መጣ፤ ያው ዚግዛግ፣ ያው ኤክስ። መታችው። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ሽማግሌው «ሣጥኑ ጠፋ! ተራራና ሐይቅ መጣ» አሉ፣ እሳቸው ራሳቸው የሠሩት ይመስል።

ተራራና ሐይቁ የኮምፒውተሯ የፊት ገጽ ነው፤ ባሏ የመረጠው። ገብተዋል ማለት ነው። አሁን የቀረው ድምፁ ነው።

«በስተቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ፣ ሰዓቱ አጠገብ፣ ጡሩምባ የምትመስል ትንሽ ሥዕል ትኖራለች።»

«አለች።»

በቁልፎቹ ብቻ ወደ ጥጉ ተጓዘች። እሳቸው «ገና ነሽ… ገና… ኧረ አለፍሻት፣ ተመለሺ… አሁን ተከበበች» እያሉ መሯት። ከፈተችው። ሁለት መስመር እንዳለና የላይኛው ምልክት እንደተደረገበት ነገሯት።

«የላይኛው በምን ይጀምራል?»

«በመካከለኛ ልብስ፣ በኤም። ቀጥሎ ድፍን ክብ፤ ቀጥሎ እንደ በር ቅስት ያለች…»

ሞኒተር! ነገሩ ገባት። አዲሱ እትም ሲገባ ድምፁን ከማጉያው ነጥቆ በስክሪኑ በኩል እንዲወጣ አዞታል፤ ያ ስክሪን ደግሞ ድምፅ ማውጫ የሚባል አልተሠራለትም። ኮምፒውተሩ ከጠዋት ጀምሮ ሲናገር ነበር፣ አፍ በሌለው በኩል። አንድ መስመር ወርዳ አስገቢውን ተጫነች።

ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ሁለት ድምፅ ባንድ ጊዜ፤ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ሳትተነፍስ ታወራለች፣ አንድ ወንድ በላይዋ ላይ ይናገራል። ለካስ ጠዋት የነካካችው ሁሉ በዝምታ ሠርቶ ኖሯል፤ ሁለቱንም አንባቢዎች ቀስቅሳቸዋለች።

«ኡ! ምን ባልና ሚስት ነው ያመጣሽብኝ?» አሉ ጋሽ መቀስ ወደ ኋላ እየሸሹ።

በሦስት ቁልፎች ሴትዮዋን ዘጋቻት። ወንዱ፣ የሷ አንባቢ፣ ብቻውን ቀረ። ሳቋ ሊመጣ ሲል ግን ተቆረጠ። የጀመረችውን ጽሑፍ ስትከፍት አንባቢው የሚያነበው ቁጥሩንና ነጥቡን ብቻ ነው። አማርኛው ላይ ሲደርስ ጉድጓድ እንዳየ ሰው ይዘለዋል። የአማርኛው ድምፅ በእድሳቱ ከዝርዝሩ ውስጥ ተጠርጎ ወጥቷል።

ሰዓቱን ጠየቀችው፤ አምስት ከሩብ ነው። የድምፁን መጫኛ ለክፉ ቀን ብላ ያስቀመጠችበትን ማኅደር በርብራ አገኘችው፣ ጫነችው። ከተጫነ በኋላ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ መነሳት አለበት። አጥፍታ አስነሳችው፤ ማራገቢያው ደግሞ መሽከርከር ጀመረ። አሥራ አንድ እርምጃ ወደ በሩ፣ አሥራ አንድ ወደ መስኮቱ።

«ተቀመጪ እንጂ፣ እኔን አዞርሽኝ» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለነገሩ ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናዬ ሥር ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፌ አድርጌለታለሁ። ለውጥ አለው?»

መራመዷን አቆመች። ለውጥ ነበረው፤ በማግስቱ ነው የሰማችው። «አለው ጋሼ። ሰምቼው ነበር። አመሰግናለሁ ለማለት አፌ እምቢ ብሎኝ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ» አሉና ሳሉ። የዚህን ጊዜ «የይለፍ ቃል ያስገቡ» የሚለው ድምፅ መጣ፣ በአማርኛ፣ ጥርት ብሎ። ቃል ጸሐፊዋ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋችና ቀና አለች።

ደስታዋ ግን አራት ደቂቃ አልቆየም። ቅጂውን የምትሰማበትን ፕሮግራም ስትከፍት እያንዳንዱን መጫኛ በስሙ ይጠራላት የነበረው አንባቢ ስማቸውን ሁሉ ረስቷል። «አዝራር» አላት። ወደሚቀጥለው አለፈች። «አዝራር።» ወደሚቀጥለው። «አዝራር።»

«ይሄስ እኔን ነው የሚጠራው» አሉ ጋሽ መቀስ። «ስንት ይፈልጋል? ባለ አራት ቀዳዳ ነው ባለ ሁለት?»

የስልኩ ጥሪ ሳቋን ቀደመው። ስድስት ሰዓት ሆኗል። «እየተናገረ ነው፣ ጥቂት ብቻ ነው የቀረኝ» አለች፤ ኃላፊዋ ግን ቆርጣ ነበር። «ለጎበዙ ልኬለታለሁ። አንቺም ቀጥዪ፤ የቀደመው ይግባ።»

ስልኩን አስቀመጠችና ወደ ቁልፎቹ ተመለሰች። ድሮ ሦስተኛው አዝራር ማጫወቻው እንደነበር ታስታውሳለች። ሦስተኛው ላይ ሄዳ ጣቷን አነሳች።

«አትንኪ!» ጋሽ መቀስ እጇን በአየር ላይ ያዙት። «የተከበበችው ቅርጫት ናት። ክዳን ያላት የቆሻሻ ቅርጫት።»

ቅርጫት ማለት መሰረዣ ነው። ይህም ፕሮግራም አብሮ ታድሶ ኖሮ አዝራሮቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። የአሮጊቷን ቃል ከነጽሑፉ ከራሷ ኮምፒውተር ላይ ልትጠርገው ነበር። እጇን ከሽማግሌው እጅ ለማውጣት አልቸኮለችም፤ እሳቸውም አልለቀቁትም።

ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያው ጀመሩ። አንባቢው ስም ለሌለው ነገር ስም መስጫ አለው። እሳቸው መልኩን ይነግሯታል፣ እሷ ስሙን ትጽፍለታለች። ወደ ቀኝ የሾለው ሦስት ማዕዘን «አጫውት» ሆነ። ጎን ለጎን የቆሙት ሁለት ዘንጎች «ቁም» ተባሉ፤ ወደ ግራ የሚያዩት ጥንድ ሾጣጣዎች ደግሞ «መልስ»። ቅርጫቷን «አደጋ» ብላ ሰየመቻት። አንዷን ግን ጋሽ መቀስም አላወቋትም፤ «የተጨማደደ ካልሲ ናት» አሏት፤ እንደዚያው ብላ ጻፈቻት።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ያለው የሰው ምስጢር ነው» አለቻቸው።

«ገብቶኛል። መኪናዬም ዛሬ ስፌት በቃኝ ብሏል። እጅ ሥራዬን እሠራለሁ።» ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ወጡ።

ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ጻፈች። የአሮጊቷ ድምፅ ቀስ ያለ ነው፤ በየመሐሉ ረጅም ዝምታ አለው። ጠበቃው «ስንት ልጆች አሉዎት?» ይላል። ሴትዮዋ ዝም ይላሉ። እሷ «ዝምታ፣ ስምንት ሰከንድ» ብላ ጻፈች። ከዚያ አሮጊቷ ይላሉ፦ «እኔ እንጃ… ልጅ ማለት ከሳሽ ከሆነ አንድም የለኝም። የወለድኳቸውን ከሆነ የምትጠይቀኝ፣ አራት ናቸው።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ወንበር ይንቋቋል፣ ሰው ይስላል፤ ድምፁ ይሸፈናል። ሰባት ጊዜ መልሳ ሰማችው። ስምንተኛው ላይ እርግጠኛ ሆነች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አራት ደቂቃ ቅጂ ቀርቷት ነበር። አሁን ብታቆምስ? ማን ይጠብቃታል? ጣቶቿ ግን አላቆሙም። ስምንት ከሃያ ላይ ላከችው። ከበታቹም ለኃላፊዋ «ገጽ አሥራ አንድን ከጎበዙ ጋር አስተያዪው» ብላ ጻፈች። ከዚያ እንደገና አሥራ አንዱን እርምጃ ስትመላለስ ዋለች፤ ምሳ ቀርቦላት ቢሆን እንኳ አትቀምሰውም ነበር።

ኃላፊዋ የደወለችው አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ድምፁ የሷ አይመስልም፣ ረጋ ብሏል።

«የጎበዙ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ደርሶ ነበር፤ 'አላውቅም' ከሚለው በኋላ ያለውን ግን ዘሎታል። የልጆቹ ጠበቃ ከሱ ላይ አነበበ፤ 'ስንት ልጆች አሉዎት ሲባሉ አላውቅም ብለዋል፤ የወለዱትን ያላወቁ ቤታቸውን እንዴት ያውቃሉ?' አለ። ዳኛዋ ብዕራቸውን አንስተው ነበር። ያንቺን ያየሁት ያኔ ነው። ገጽ አሥራ አንድን ይዤ ገባሁ። ዳኛዋ ሁለቱን አዩና ቅጂው ይሰማ አሉ።»

«ተሰማ?»

«ችሎቱ ሙሉ ሰማው። የወንበሩን መንቋቋት ሳይቀር። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ፤ ልጆቹ የሐኪም ማስረጃ ይዘው ካልመጡ በቀር አሮጊቷ ቤታቸው ናቸው።» ቀጥላም «ሙያ ታበዣለሽ ያልኩሽን ተይው» አለች።

ባሏ እንዳለው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። «እስቲ ልየው።»

«ተስተካክሏል። እጅህን ሰብስብ።»

«ማን አስተካከለው?»

«እኔና ጋሽ መቀስ።»

«ከሳቸው ጋር አትነጋገሩም አልነበር?» ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። እሷ ቆማ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የቆመች እስኪመስላት ድረስ እግሯ ዝሏል።

«ስማኝ» አለችው። «ልታግዘኝ እንደፈለግህ አውቃለሁ። ግን አንተ ሳትነግረኝ የቤቱን ዕቃ ብታዛውር እደናቀፋለሁ፤ ያንን ታውቃለህ፣ ወንበር እንኳ ካለ ቦታው አትተውም። ይሄም ቤቴ ነው። ሳልሰማ እሺ ያልክልኝ ነገር ዛሬ አንዲት አሮጊትን ከቤታቸው ሊያስወጣ ነበር።»

ተነሳ፤ የሳበውን ወንበር ወደ ቦታው ሲመልስ ሰማችው። ከዚያ «አላሰብኩትም» አለ። ለሱ ይህች ቃል ቀላል እንዳልሆነች ታውቃለች። እራት አብረው በሉ፣ ግን ብዙም አልተጫወቱም፤ በማግስቱም ነገሩ እንደ እሾህ በመሐላቸው ነበር። የነቀሉት ቀስ እያሉ ነው።

በዚያው ሳምንት ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ደብዳቤ ጻፈች። አዝራሮቹ ስም እንዳጡ፣ መሰረዣው በማጫወቻው ቦታ እንደተቀመጠ፣ በዚህም ምን ሊደርስ እንደነበር ዘርዝራ ነገረቻቸው። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ «አስተያየትዎን በአክብሮት ተቀብለናል» የሚል መልስ መጣ። ሌላ ጻፈች። ያው መልስ መጣ፤ ነጥቡ እንኳ አልተለወጠም። ሦስተኛውን ስትጽፍ ትሕትናውን ቀነሰችለት። በአራተኛው ወር፣ እሷው ራሷ እሺ ባለችው እድሳት፣ አንባቢው አዝራሮቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠራላት። የቀረችው አንዲት ናት፣ የተጨማደደችው ካልሲ። ስለሷ አራተኛውን ደብዳቤ እየጻፈች ነው።